ፈረሱን እዩ፣ ፊቱን ተዉት

ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የገባችሁ ታውቁታላችሁ። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። አብዛኛው ሰው «ሲያምር!» ብሎ ይወጣል፤ ማን ማን እንደሆነ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። ተማሪዎቼ የነበራችሁ ደግሞ አሁንም ፎቶ እየላካችሁ «ይሄ ማነው?» ትሉኛላችሁና እስኪ ዛሬ በአንድ ላይ ልመልስ።

በአውሮፓ ካቴድራሎች ቅዱሳኑ ተቀርጸው፣ ቀለም ተቀብተው ይቆማሉ፤ ጴጥሮስ የሚታወቀው በያዘው ቁልፍ ነው። እኛ ዘንድ ቅርጽ ብዙም አልተለመደም (ላሊበላ ቤተ ጎልጎታ ግድግዳ ላይ የተፈለፈሉትን ሳልረሳ ነው)። ዘዴው ግን ያው ነው። የኛ ሠዓሊ ሰውን በመልኩ አይለይም። ሁሉም ዓይነ ትልቅ፣ ሽማግሌው ሁሉ ጢማም ነው። ስለዚህ ፊቱን ትታችሁ ዙሪያውን እዩ።

አንበሳና ነብር ከበውት፣ ገላው በፀጉር ተሸፍኖ፣ ወፍ ከዓይኑ እንባ ስትጠጣ ካያችሁ አቦ ናቸው፣ ገብረ መንፈስ ቅዱስ። ክንፍ አውጥተው በአንድ እግር የቆሙት ተክለ ሃይማኖት ናቸው። አንበሳ የሚጋልበው ሳሙኤል ዘዋልድባ ነው። ንጉሥ ጦሩን እግሩ ላይ ተክሎበት፣ ደም እየፈሰሰው የሚዘምረው ያሬድ ነው፤ ንጉሡ ገብረ መስቀል ነው፣ በዜማው ተመስጦ የሚያደርገውን አላወቀም።

የሚያስቸግሩት ፈረሰኞቹ ናቸው። ነጭ ፈረስ ጊዮርጊስ፣ ጥቁር ፈረስ መርቆሬዎስ፣ ይሄን ሕፃንም ያውቀዋል። ታዲያ በእድሳት ጊዜ ቀለሙ ሲቀየርስ? አንድ ቦታ (ስሙን ልተወው) ጥቁሩ ፈረስ ግራጫ ሆኖ አይቻለሁ። አጠገቡ የነበረው ጽሑፍም በአዲሱ ቀለም ተሸፍኗል። አሁን እዚያ የሚሄድ ሁሉ «ጊዮርጊስ» ይለዋል። አይደለም! ከፈረሱ እግር ሥር እዩ እንጂ። ጊዮርጊስ የሚወጋው ዘንዶ ነው፣ ብሩታዊትም አትጠፋም። እዚህ ግን የወደቀው ዘውድ የደፋ ሰው ነው፤ በፈረንጆቹ 363 ዓ.ም. በጦርነት የሞተው የሮም ንጉሥ ዑልያኖስ። ትውፊቱ እንደሚለው ባስልዮስ በመርቆሬዎስ ሥዕል ፊት ሲጸልይ ሥዕሉ ከቦታው ጠፋ፤ ሲመለስ ጦሩ ደም ነበረበት። ስለዚህ ጳጳሳት ዳር ቆመው ካያችሁ መርቆሬዎስ ለመሆኑ ሌላ ማስረጃ ነው።

የኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። ጣሪያ ይፈሳል፣ በግድግዳው ላይ የተለጠፈው ሸማ ይላቀቃል፣ እድሳት ግድ ነው፤ አልቃወምም። ግን ያቺ ከሥዕሉ አጠገብ ያለች የግእዝ መስመር ሳትነበብና ፎቶ ሳትነሣ መቀባት የለባትም። ምልክቱም ጽሑፉም ከጠፉ ገድሉን በቃሉ የሚያውቅ ሽማግሌ ካልተገኘ በቀር ያ ቅዱስ ስም የለውም። ደብር አካባቢ የምታገለግሉ ልጆች ስልካችሁ እጃችሁ ላይ ነው፣ አንሡት።

ሌላም አለ። በጎዎቹ ሁለት ዓይናቸው ይታያል፣ ክፉዎቹ በጎን ይሣሉና አንድ ዓይን ብቻ ይኖራቸዋል። ይሁዳን በዚህ ፈልጉት።

ከታች መሬት ላይ የተደፋ ሰው ካያችሁ ደግሞ ቅዱስ ነው ብላችሁ አትድከሙ። ደቅ ደሴት፣ ናርጋ ሥላሴ፣ ከእመቤታችን እግር ሥር የተደፋችው ቤተ ክርስቲያኑን ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ ናት።