የቱርክ ጥንታዊ ቤቶች፡ ከእንጨቱ በስተጀርባ ያለው አደብ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ስለ ዑስማኒያ ቱርኮች ታሪክ ሲወራ ለአብዛኞቻችን ቶሎ የሚታወሱን የኢስታንቡል ታላላቅ መስጂዶች፣ ሱልጣኖችና ዘመቻዎች ናቸው። ይሁን እንጂ የአንድ ሕዝብ ታሪክ በቤተ መንግሥትና በጦር ሜዳ ብቻ ተጽፎ አያልቅም። ሰው ዕድሜውን የሚገፋው በቤቱ ነው፤ ልጁን የሚያሳድገው፣ እንግዳውን የሚቀበለው፣ ሌሊት ተነሥቶ ጌታውን የሚገዛው እዚያው ነው። የአንድ ሕዝብ እምነትና አኗኗር ምን ያህል እንደተገናኙ ለማወቅ የፈለገ ሰው ከመስጂዱ ጉልላት ባልተናነሰ ከመኖሪያ ቤቱ ደፍ ይማራል። ስለሆነም በዛሬው ዝግጅታችን የቱርክን ጥንታዊ ቤት አንኳኩተን፣ ሰላምታ አቅርበን፣ ሲፈቀድልን እንገባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሲራራ ነጋዴዎች ከተማ

ለዚህ ጉዳይ ከሳፍራንቦሉ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ይህች ከተማ በሰሜናዊ ቱርክ፣ ከጥቁር ባሕር ብዙም ሳትርቅ በሸለቆ ውስጥ ትገኛለች። ስሟ ዘዕፈራን ከሚባለው ውድ ቅመም ጋር የተያያዘ ነው። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን አንስቶ የባቡር ሐዲድ እስከ መጣበት እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ የሲራራ ነጋዴዎች ማረፊያ ነበረች። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ንግዱ ሲደራ ሀብቷም አደገ፤ ጂንጂ ሐን የሚባለው ትልቁ የነጋዴዎች ማረፊያ የተሠራው በዚያን ዘመን ነው። ዩኔስኮ በ1994 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል።

ከተማዋ ሦስት ሰፈሮች ነበሯት። ቹኩር የሚባለው ከነፋስ በተከለለው ሸለቆ ውስጥ ሲሆን ገበያውም የክረምት መኖሪያውም እዚያ ነበር። ክራንኮይ የክርስቲያኖች ሰፈር ነበር። ባግላር፣ ማለትም የወይን ቦታዎቹ፣ ከፍ ብሎ በሚገኝ ነፋሻማ ስፍራ ላይ ነው። ቤተሰቡ ብርዱን በሸለቆው ቤት ካሳለፈ በኋላ ሙቀቱ ሲመጣ ወደ ባግላር ይወጣና ፍራፍሬውን ሲያደርቅ፣ ስንቁን ሲያዘጋጅ ይከርማል።

ቤቶቹ ሁለት ወይም ሦስት ፎቅ አላቸው። ምድር ቤቱ በድንጋይ የተገነባ ነው፤ ወደ ጎዳና የሚያይ መስኮት የለውም ወይም ያለው ጥቂት ነው። እዚያ ከብት ይታሰራል፣ እህልና ማገዶ ይቀመጣል። ፎቁ ግን የእንጨት ነው። ምሰሶና ማገሩ ከቆመ በኋላ ክፍተቱ በጭቃ ጡብ ይሞላል፣ ላዩ በኖራ ይለሰናል። ይህን አሠራር ህምሽ ይሉታል። የድንጋዩ ግድግዳ የመንገዱን ጠመዝማዛ ይከተላል፤ ፎቁ ግን በእንጨት ደጋፊዎች ላይ ሆኖ ወደ ጎዳናው ወጣ ስለሚል ክፍሎቹ ቀጥ ያለ ማዕዘን ያገኛሉ። እንግዲህ ከታች ያለው ለመንገዱ ያጎነበሰ ሲሆን ከላይ ያለው ለነዋሪው የተስተካከለ ነው ማለት ነው።

እያንዳንዱ ክፍል ራሱን የቻለ ቤት

ወደ ፎቁ ስንወጣ በመጀመሪያ የምናገኘው ሶፋ የተባለውን ሰፊ አዳራሽ ነው። ዛሬ ሶፋ ስንል የምናስበው መቀመጫ አይደለም፤ ክፍሎች ሁሉ በራቸውን የሚከፍቱበት የጋራ ቦታ ነው። አንድ ጎኑ ወደ ግቢ ክፍት ከሆነ ሐያት ይሉታል፤ በቱርክኛ "ሕይወት" ከሚለው ቃል ጋር አንድ ዓይነት አጠራር ነው። ዝነኛው ቱርካዊ አርኪቴክት ሰዳድ ሐቂ ኤልዴም (1908–1988) በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች እየፈረሱ በነበረበት ጊዜ ከተማሪዎቹ ጋር እየዞረ የቤቶቹን ፕላን አስለክቷል፤ በ1954 ባሳተመው ጥናትም ቤቶቹን የመደበው በዚሁ በሶፋው አቀማመጥ ነው። ሶፋ የሌለው፣ ሶፋው በውጭ የሆነ፣ በመካከል የሚያልፍ፣ እምብርት ላይ ያለ እያለ ከፋፍሏቸዋል።

ከሶፋው ወደ አንዱ ክፍል እንግባ። ጫማ ከደፉ ላይ ይወልቃል፤ ወለሉ የሚቀመጡበት፣ የሚበሉበትና የሚሰግዱበት ነውና። በግድግዳው ዙሪያ ዝቅ ያለ መደብ አለ። ምድጃ አለ፣ በግድግዳው ውስጥ የተበጁ መደርደሪያዎች አሉ። አልጋ ግን የለም፤ የምግብ ጠረጴዛም የለም። ማታ ፍራሽ ይነጠፋል፤ ጠዋት ይታጠፍና ዩክሉክ ወደሚባለው የግድግዳ ቁም ሣጥን ይገባል። ምግብ ሲደርስ ትልቅ ክብ ትሪ ይቀርብና ሁሉም ይከበዋል፤ ሲያበቃ ይነሣል። በመሆኑም ያው አንዱ ክፍል መኝታም፣ መመገቢያም፣ መስገጃም፣ መቀመጫም ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን በዚያ ቁም ሣጥን ውስጥ የተደበቀችው ጠባብ መታጠቢያ ናት። ስሟ ጉሱልሐኔ ይባላል፤ የጉስል ቤት ማለት ነው። ለምን እንደተሠራች ለመረዳት የቤተሰቡን አኗኗር ማሰብ ይበቃል። በአንድ ጣሪያ ሥር አያት፣ አባትና እናት፣ ያገቡ ወንዶች ልጆች ከነሚስቶቻቸው ይኖራሉ። አዲስ የተጋቡት ጥንዶች ለፈጅር ሶላት ገላቸውን መታጠብ ቢኖርባቸው በወላጅና በወንድም ፊት ውኃ ተሸክመው መውጣት አይገባቸውም። ከክፍላቸው ሳይወጡ፣ ማንም ሳያያቸው ይታጠባሉ። በሱረቱ-ን-ኑር በሌሎች ላይ ከመግባት በፊት ፈቃድ መጠየቅና ሰላም ማለት ታዟል፤ በዚያው ሱራ ልጆችም ሳይቀሩ በሦስት ጊዜያት፣ ማለትም ከፈጅር በፊት፣ በቀትር የዕረፍት ሰዓትና ከዒሻ በኋላ፣ ሳያስፈቅዱ እንዳይገቡ ተደንግጓል። የአናቶሊያ አናጢ ይህን የአደብ ትምህርት በመጋዝና በመዶሻ ጻፈው ብንል ማጋነን አይሆንም።

እንግዳና የቤት ሰው

ባለጸጎች ቤታቸውን በሁለት ይከፍሉት ነበር። ሰላምሊክ እንግዳ ወንዶች የሚስተናገዱበት ሲሆን ሐረምሊክ የቤተሰቡ መኖሪያ ነው። ምግብ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፈው በግድግዳው ላይ በተተከለ ተሽከርካሪ ቁም ሣጥን ነው፤ ከወዲያ በኩል ይቀመጥበታል፣ ሲዞር ከወዲህ ይወሰዳል። የሚያቀርበውም የሚቀበለውም አይተያዩም። አቅም የሌላቸው ግን ከመግቢያው አጠገብ ያለችውን አንዲት ክፍል ለእንግዳ ያውሏት ነበር።

ሐረም የሚለው ቃል በምዕራባውያን ብዕር ብዙ ተረት ተሸክሟል። የእንግሊዝ አምባሳደር ሚስት የነበሩት ሌዲ ሜሪ ዎርትሊ ሞንታጉ በ1717ና በ1718 በዑስማኒያ ግዛት ቆይተው ወደ ቤቶቹ ውስጥ ለመግባት ችለዋል። በደብዳቤዎቻቸውም ከእርሳቸው በፊት የጻፉት ወንዶች ገብተው ያላዩትን ቤት እንደገለጹ ተችተዋል። ቃሉ የሚያመለክተው የተከበረንና ማንም እንደፈለገ የማይገባበትን ስፍራ ነው። ይህ ሲባል በእነዚያ ቤቶች ውስጥ ጭቆና ፈጽሞ አልነበረም ለማለት አይደለም፤ በባለሥልጣናት ቤት አገልጋይ ባሪያዎች እንደነበሩ ታሪክ ያውቃል። ያማረ ግድግዳ በውስጡ የሚኖረውን ሰው በራሱ አያሳምረውም።

የጎረቤት ሐቅ

አስጎብኚዎች ዘወትር የሚናገሩት አንድ ነገር አለ፤ በሳፍራንቦሉ አንዱ ቤት የሌላውን እይታ አይጋርድም ይላሉ። ይህን ከሕጉ ጋር ስናስተያየው ጠቃሚ ትምህርት እናገኛለን። አሕመድ ጀቭደት ፓሻ የመሩት ጉባኤ ከ1869 እስከ 1876 ባዘጋጀው መጀለ በተሰኘው የሕግ መድበል፣ ከሐነፊ ፊቅህ ተወስዶ የጎረቤት ጉዳይ በዝርዝር ተቀምጧል። የጎረቤት ሴቶች የሚውሉበትን ግቢ፣ የማብሰያ ስፍራ ወይም የውኃ ጉድጓድ አፍ የሚያሳይ መስኮት ከባድ ጉዳት ተብሎ እንዲከለል ይታዘዛል። የጎረቤትን ብርሃን ፈጽሞ መዝጋትም እንዲሁ ክልክል ነው። እይታን መጋረድ ብቻውን ግን በሕጉ ከከባድ ጉዳት አይቆጠርም።

ታዲያ ጎረቤቱ እይታውን ሳይነጠቅ የኖረው በቃዲ ትእዛዝ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። ሕጉ ዝቅተኛውን ወሰን ያሰምራል፤ ከዚያ በላይ ያለው የጉርብትና አደብ ነው። ሰው "መብቴ ነው" ብሎ ማድረግ የሚችለውን ለጎረቤቱ ሲል ሲተወው፣ እውነተኛው ጉርብትና ያኔ ይጀምራል።

ሰፈሩም እንደ አንድ ቤት ይታይ ነበር። ኢስታንቡል ውስጥ በ1829 ሙኽታር የሚባሉ የሰፈር ሹማምንት እስኪሾሙ ድረስ የሙስሊሙን ሰፈር ጉዳይ የሚከታተለው የመስጂዱ ኢማም ነበር። ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ፣ ማን ዋስ እንደሆነ ያውቃል። በመስጂድ የምናገለግል ሰዎች ይህን ስንሰማ ሚህራቡ ላይ ከመቆም ያለፈ አማና እንደነበረብን እናስታውሳለን። ርኅራኄው ለወፍ እንኳ ተርፏል፤ በዩስክዩዳር በሚገኙት በየኒ ቫሊዴና በአያዝማ መስጂዶች ግድግዳ ላይ ለወፎች ተብለው የተቀረጹ ትናንሽ የድንጋይ ቤቶች አሁንም ይታያሉ።

ለምን በእንጨት?

መስጂዱ፣ ድልድዩና ሐማሙ በድንጋይ ሲሠሩ መኖሪያ ቤቱ ለምን በእንጨት ተሠራ? አንዳንዶች "ዱንያ አላፊ መሆኗን ለማሳየት ነው" ይላሉ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ግን ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። በጥቁር ባሕር አካባቢ ደን ሞልቷል፣ እንጨት ቶሎ ይሠራል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጥን ይቋቋማል። በ1509 ኢስታንቡልን የመታው መንቀጥቀጥ "ትንሿ ቂያማ" እስከ መባል ደርሶ ነበር። የእንጨት ቤት ጠላት እሳት ነው። በ1918 በፋቲሕ ሰፈር የተነሣው ቃጠሎ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶችን አውድሟል። በቦስፎረስ ዳርቻ ከቀሩት የእንጨት ቤቶች ሁሉ የሚቀድመው በ1699 የተሠራው የአምጃዛዴ ሑሴይን ፓሻ ቤት ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት አልቀዋል።

የእንጨቱ ጥበብ ግን በኋለኛው ዘመንም ታይቷል። ነሐሴ 17 ቀን 1999 በማርማራ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ ከ17,000 በላይ ሰው ሲገድል፣ ብዙዎቹ ያለቁት በጥድፊያ በተሠሩ የኮንክሪት ሕንፃዎች ሥር ነው። ከአደጋው በኋላ የተካሄዱ ጥናቶች የህምሽ ቤቶች በአጠገባቸው ከተደረመሱት ሕንፃዎች በተሻለ እንደቆሙ አሳይተዋል። የአያቶች ልምድ ንቀት እንደማይገባው ይህ ማስረጃ ነው።

ቤቱ ቀረ፣ ሰው ወጣ

እነዚህ ቤቶች የሙስሊም ብቻ እንዳልነበሩ መዘንጋት የለበትም። ግሪኮች፣ አርመኖች፣ ቡልጋሮችና አይሁዶችም በተመሳሳይ ቤት ኖረዋል፤ ከአናጢዎቹና ከግንበኞቹም ክርስቲያኖች ነበሩ። በ1923 በሎዛን በተፈረመው የሕዝብ ልውውጥ ስምምነት መሠረት የክራንኮይ ግሪኮች አገራቸውን ለቀው ሲሄዱ፣ ቤቶቹ ቆመው ጉርብትናው ፈረሰ።

ቀጥሎ የሙስሊሞቹ ተራ መጣ። በ1937 በአቅራቢያው በካራቡክ የብረት ፋብሪካ ተመሠረተ፤ ሥራውና ሰዉ ወደዚያ ሳበ። በ1965 አፓርትመንትን በየቤቱ ለየባለቤቱ ማካፈል የሚያስችል ሕግ ወጣ፤ በትላልቆቹ ከተሞች በርካታ የእንጨት ቤቶች ፈርሰው በቦታቸው ፎቅ ተደረደረ። ሳፍራንቦሉ የተረፈችው በከፊል አዲሱ ግንባታ ወደ ጎን ስላለፋት ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ነዋሪዎቿና ባለሙያዎች ጠብቀዋታል፤ ሊመሰገኑ ይገባል።

ዛሬ ከቤቶቹ ብዙዎቹ የእንግዳ ማረፊያና ሙዚየም ሆነዋል። ለጉስል የተሠራችው ጠባብ ክፍል በአንዳንዶቹ የሆቴል መታጠቢያ ሆናለች። ቤቱ ከመፍረስ ይህ ይሻለዋል። ሆኖም ጎብኚው ፎቶ አንስቶ ሲወጣ ያየው እንጨቱን ነው፤ እንጨቱን ያቆመው ሐያእ፣ ለእንግዳ የነበረው ክብር፣ ለጎረቤት የነበረው ጥንቃቄ በፎቶ አይነሣም።

ውድ አድማጮቻችን፣ ከዚህ ታሪክ የምንወስደው የቱርክን ቤት ቅርጽ መገልበጥ አይደለም። ቅርጹ የዚያ አገር ብርድ፣ ደንና ልማድ ውጤት ነው። የምንወስደው ጥያቄውን ነው። ቤት የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ስለ ቆርቆሮና ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ይጠይቃል፤ ተገቢ ነው። ነገር ግን መስኮቴ ወደ ማን ግቢ ያያል? እንግዳ ድንገት ቢመጣ የቤቱ ሰው ሳይጨናነቅ የት አረፍ ይላል? ያረጁ ወላጆቼ ሌሊት ለውዱእ ሲነሡ ሳይቸገሩ የት ይታጠባሉ? ብሎ የጠየቀ ሰው፣ ቤቱ አንዲት ክፍል የኪራይ ቤት እንኳ ብትሆን፣ ከእነዚያ አናጢዎች ጥበብ ዋናውን አግኝቷል። መጋረጃ ለመስቀል፣ ከመግባት በፊት ለማንኳኳትና የጎረቤትን ብርሃን ላለመዝጋት ባለጸጋ መሆን አያስፈልግም።

አላህ ቤቶቻችንን የሰላምና የመረጋጋት ስፍራ ያድርግልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።