አማርኛ ተናጋሪና የእንግሊዝኛ አንጻራዊ ሐረግ፦ ከካምዎክያ የተነሣ ሙግት

የኡጋንዳ ሙዚየም በሚገኝበት በካምፓላው ካምዎክያ ገበያው በሉጋንዳ፣ ትምህርት ቤቱና ቢሮው በእንግሊዝኛ ይሠራል። እዚያ ሰፈር አማርኛ ተናጋሪና ሉጋንዳ ተናጋሪ በአንድ ክፍል ተቀምጠው እንግሊዝኛ ቢማሩ፣ አንጻራዊ ሐረግ (ስምን የሚገልጽ፣ ግስ ያለበት ሐረግ) ላይ ሲደርሱ ችግራቸው ይለያያል። የመምህሩ ቀይ እስክሪብቶ ግን ልዩነቱን አያሳይም።

በሉጋንዳ «ያየሁት ሰው» ለማለት «ኦሙሳጃ ጔ ናላባ» ይባላል። ስሙ ይቀድማል፣ አዛማጁ «ጔ» ይከተላል፣ ግሱም ተሳቢ ምዕላድ አይጨምርም። ቅደም ተከተሉ ከእንግሊዝኛው ጋር አንድ ነው። አዛማጁ ግን እንደ ስሙ ምድብ ይለዋወጣል፤ ለመጽሐፍ ሲሆን «ኤቺታቦ ቼ ናሶማ» ይሆናል። ስለዚህ የሉጋንዳ ተናጋሪው ሥራ ብዙ ቅርጾችን ወደ «ሁ» እና «ዊች» ማጠፍ ነው ማለት ይቻላል።

አማርኛ ተናጋሪው የሚጀምረው ከሌላ ጫፍ ነው። ሐረጉ ሙሉ በሙሉ ከስሙ በፊት ይመጣል፤ «የ» ከግሱ ጋር ተጣብቆ ይውላል፤ ራሱን የቻለ አዛማጅ ቃል የለም። በዚያ ላይ ግሱ ተውላጠ ስሙን አይጥልም፦ ያየኋቸው ሰዎች፣ የመጣሁበት መንገድ። («ያየሁት» ውስጥ ያለው «ት» ተሳቢ ነው ወይስ የስሙን መታወቅ አመልካች የሚለው ያከራክራል፤ በ«ያየኋቸው» ግን ተሳቢነቱ ጎልቶ ይታያል።) «ዘ ፒፕል ሁ አይ ሶው ዜም» የሚለው ስሕተት የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ኤድዋርድ ኪናንና በርናርድ ኮምሪ በ1977 ባሳተሙት ጥናት የዓለም ቋንቋዎች አንጻራዊ ሐረግ የሚሠሩባቸውን የስም ሙያዎች በደረጃ አስቀምጠዋል፦ ባለቤት፣ ቀጥተኛ ተሳቢ፣ ኢ-ቀጥተኛ ተሳቢ፣ በመስተዋድድ የሚገባ ስም፣ ባለንብረት፣ በንጽጽር የሚገባ። ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ቋንቋዎች ተውላጠ ስሙን ይዘው የመቆየት ዝንባሌያቸው ይጨምራል።

ይህ ደረጃ የስሕተቱን ዓይነት ይጠቁማል፤ ተማሪው ቅርጹን የሚሸሽበትን መጠን ግን አይነግረንም። ጃክሊን ሻክተር ቀደም ብላ በ1974 ያሳየችው ይህን ሽሽት ነው። ከእንግሊዝኛ ተማሪዎች ድርሰት በለቀመችው መረጃ የፋርስኛ ተናጋሪዎች 174 አንጻራዊ ሐረጎች ጽፈው በ43ቱ ሲሳሳቱ፣ ጃፓናውያኑ 63 ብቻ ጽፈው የተሳሳቱት በ5ቱ ነው። ስሕተት ቆጣሪው ጃፓናውያኑን ጎበዝ ይላቸዋል። እነሱ ግን ቅርጹን ሸሽተውታል፤ በጃፓንኛ ሐረጉ ከስሙ በፊት ይመጣልና የእንግሊዝኛው አሠራር ባዕድ ሆኖባቸዋል።

አማርኛ በሐረግ አቀማመጥ ከጃፓንኛ ጋር፣ ተውላጠ ስምን ባለመጣል ደግሞ ከዐረብኛና ከፋርስኛ ጋር ይሰለፋል። በመሆኑም አማርኛ ተናጋሪው ሁለቱንም ያደርጋል የሚል ግምት አለኝ፦ ቀላሉን ሲጽፍ ይሳሳታል፣ ከባዱን ይሸሻል። ሽሽቱ የሚጠነክረው «ሁዝ» ላይ ነው። አማርኛ «እናቱ የታመመችበት ልጅ» ሲል ባለንብረትነቱን በ«እናቱ»፣ ጉዳቱን በ«በት» ይገልጻል፤ «ሁዝ» ግን ይህን «በት» አይገልጽም። ጸሐፊው ዐረፍተ ነገሩን ለሁለት ሰንጥቆ ያልፋል። የጻፈው ትክክል ነውና መምህሩም ያልፈዋል።

የኮማውም ጉዳይ ቀላል አይደለም። «ካምዎክያ የሚኖረው ወንድሜ» ስንል አንድ ወንድም ይኑረን ወይም ብዙ ሐረጉ አይለይም፤ እንግሊዝኛ በኮማ ይለየዋል። እንግሊዝኛ የመንግሥት ቋንቋ በሆነባት ኡጋንዳ በማመልከቻ ላይ የቤተሰቡን ሁኔታ ለሚጽፍ ኢትዮጵያዊ፣ ያች ኮማ የወንድሞቹን ቁጥር ልትለውጥ ትችላለች።

መማሪያ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ ከባለቤት ጀምረው ወደ ታች ይወርዳሉ። ፍሬድ ኤክማንና ባልደረቦቹ በ1988 ያሳተሙት ሙከራ ግን ይህን ይሞግታል፦ በመስተዋድድ የሚገባውን ከባድ ዓይነት የተማሩት በቀላሎቹም አብረው ተሻሽለዋል፤ በቀላሉ የጀመሩት ግን ወደ ከባዱ እምብዛም አልተሻገሩም። አማርኛ ተናጋሪዎችን የሚያስተምር ሰው «የመጣሁበት መንገድ» እና «እናቱ የታመመችበት ልጅ» ከሚሉት ቢነሣ ይሻላል። ድርሰት ሲያርም ደግሞ ከስሕተቱ ቁጥር ጎን ተማሪው ስንት አንጻራዊ ሐረግ እንደጻፈ ይመዝግብ።