በሽታው በገባበት በር

ኮሌራ ጧት ጤነኛ የነበረውን ሰው እስከ ማታ ሊገድል የሚችል በሽታ ነው። የሚተላለፈው በረከሰ ውሃና ምግብ ነው፤ ሰውነትንም በትውከትና በተቅማጥ ያደርቃል። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1884 ዓ.ም. በሕንድ አገር በካልካታ የበሽታውን ተሐዋሲ መርምሮ ጥቂት የጐበጠ መሆኑን ገለጠ። ከዚያ ወዲህ ሊቃውንቱ ተሐዋሲውን ራሱን መከላከያ ለማድረግ ደከሙ።

በ1885 ዓ.ም. በእስፓኝ አገር በቫሌንሲያ ሐኪሙ ፌራን ብዙ ሺሕ ሰው ከተበ፤ ዳሩ ግን ማስረጃው ስላልተሟላ ከፈረንሳይ የመጡት መርማሪዎች ሥራውን አልተቀበሉትም። ከእርሱ በኋላ የተነሣው በኦዴሳ የተወለደው አይሁዳዊ ዋልዴማር ሃፍኪን ነው። በፓሪስ በፓስተር የምርምር ቤት ያዘጋጀውን ክትባት በ1892 ዓ.ም. በሐምሌ ወር አስቀድሞ በገዛ ሥጋው ላይ ሞከረው፤ ትኵሳት ያዘው፥ ነገር ግን ዳነ። በ1893 ዓ.ም. ወደ ሕንድ ሄዶ እስከ 1895 ዓ.ም. ድረስ ከ40,000 የሚበልጥ ሰው ከተበ። የተከተቡትንና ያልተከተቡትንም እያነጻጸረ ጻፈ።

ነገር ግን በመርፌ የሚሰጠው ክትባት ኀይሉ ከጥቂት ወራት እምብዛም አያልፍም ነበር፤ የበሽታውንም ወደ ሌላ አገር መዛመት አልከለከለም። ስለዚህ በ1973 ዓ.ም. የዓለም ጤና ጉባኤ ከመንገደኛ የኮሌራ ክትባት ወረቀት መጠየቅን ከደንቡ አወጣ።

የዚህም ምክንያቱ ተሐዋሲው የሚዋጋው በአንጀት ውስጥ እንጂ በደም ውስጥ አለመሆኑ ነው። መርፌው ዘበኛውን በደም ሲያቆም፥ ጠላት በአፍ በር ይገባል። ይህን ያስተዋሉት በስዊድን አገር በጎተንበርግ ያን ሆልምግሬንና ባልንጀሮቹ የሚጠጣ ክትባት አዘጋጁ፤ በ1985 ዓ.ም. በባንግላዴሽ በማትላብ ተሞከረ። የቬትናም ሊቃውንትም አሠራሩን ወስደው ዋጋው የቀለለ ክትባት በአገራቸው አወጡ። ያም ተሻሽሎ በ2006 ዓ.ም. ሃፍኪን በደከመባት በካልካታ በድኾች ሰፈር ተሞከረ፤ እስከ 5 ዓመት ድረስ ከመቶ 65 ያህል ጥበቃ ተገኘበት።

በ2013 ዓ.ም. ለወረርሽኝ ጊዜ የሚሆን የዓለም ማከማቻ ተቋቋመ። በ2022 ዓ.ም. በጥቅምት ግን በሽታው በብዙ አገር ስለ ተነሣ ክትባቱ አነሰ፤ ለወረርሽኝ 2 ጊዜ ይሰጥ የነበረውም 1 ጊዜ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። የአንዱን ረዥም ጥበቃ አሳጥሮ ለሌላው ማካፈል ከባድ ፍርድ ነው፤ ዳሩ ግን አንዱን ጠብቆ ሌላውን ባዶ እጁን ከመተው ይሻላል። በ2024 ዓ.ም. ብዙ ለማምረት እንዲመች አሠራሩ የቀለለ ሌላ ክትባት በዓለም የጤና ድርጅት ዘንድ ተቀባይነት አገኘ።

ይሁን እንጂ ክትባት ጊዜን ይሰጣል እንጂ ውሃን አያጠራም። በተሰጠው ጊዜ ምንጩን ያላጠራ፥ መጸዳጃውንም ያልሠራ ከተማ የዘበኛው ዘመን ባለቀ ጊዜ ጠላቱን በዚያው በር ቆሞ ያገኘዋል።