በድምፅ በልጦ በወንበር ማነስ፦ የዴሪ ከተማ የምርጫ ታሪክ

ምርጫ በተካሄደ ቁጥር መንግሥታት አስቀድመው የሚነግሩን ስለ ሰልፉ ርዝመት ነው። ይህን ያህል ሕዝብ ተመዘገበ፣ ከመቶ ይህን ያህሉ ድምፁን ሰጠ ይባልና ሕዝቡ በራሱ ፈቃድ እንደሚተዳደር ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። ይህ አኃዝ ብቻውን ምን ያህል ሊያታልል እንደሚችል ለማየት የሚሻ አንባቢ፣ በሰሜን አየርላንድ በፎይል ወንዝ ዳር የምትገኘውን የዴሪን ታሪክ ይመልከት።

ከተማዪቱ በስሟ እንኳ ያልተስማሙ ሁለት ወገኖች መኖሪያ ናት። ከብሪታንያ ጋር መኖርን የሚሹትና በአብዛኛው ፕሮቴስታንት የሆኑት የአንድነት ደጋፊዎች «ለንደንዴሪ» ይሏታል፤ የተባበረች አየርላንድን የሚሹትና በአብዛኛው ካቶሊክ የሆኑት ብሔርተኞች ደግሞ «ዴሪ» ይሏታል። ድምፅም የሚሰጠው በዚሁ መስመር ነበርና፣ የአንድን ሰፈር ሃይማኖት ያወቀ የምርጫውን ውጤት አስቀድሞ ያውቅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በጥር 1920 በተመጣጣኝ ውክልና ሥርዓት በተደረገው ምርጫ ብሔርተኞች አሸንፈው፣ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ካቶሊክ የከተማዪቱ ከንቲባ ሆነ። በ1921 የተቋቋመው የሰሜን አየርላንድ ፓርላማ ግን በማግሥቱ ዓመት ተመጣጣኝ ውክልናን ከአካባቢ ምርጫዎች ሰረዘ። ከዚያም የምርጫ ክልሎች ድንበር እንደገና ተሰመረ፤ በ1936 ደግሞ ከተማዪቱ በሦስት ክልሎች ተከፈለች።

የዚህ ድንበር ሥራ በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። በ1967 በደቡብ ክልል 10,047 ካቶሊክ መራጮችና 1,138 ሌሎች መራጮች ነበሩ፤ የተሰጣቸው 8 ወንበር ነው። በሰሜን ክልል 2,530 ካቶሊኮችና 3,946 ሌሎች፣ እነርሱም 8 ወንበር ነበራቸው። ዋተርሳይድ በተባለው ክልል 1,852 ካቶሊኮችና 3,697 ሌሎች ሲኖሩ ድርሻቸው 4 ነበር። ሲደመር 14,429 ካቶሊክ መራጮች 8 ወንበር፣ 8,781 የሆኑት ሌሎች ደግሞ 12 ወንበር ያዙ። ከመቶ 62 የሆነው ወገን በገዛ ከተማው ተቃዋሚ ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

እንግዲህ የመራጩ ተሳትፎ በዚህ ውስጥ ምን ይፈይዳል? የደቡብ ክልል ካቶሊኮች በሙሉ ቢወጡ የሚያገኙት 8 ወንበር ነው፤ ሩቡ ብቻ ቢወጣም ያው 8 ነው። ድንበሩ ትርፍ ድምፃቸውን ሁሉ በአንድ ጎተራ ቆልፎበታል። ድምፅ የሰረቀ፣ ኮሮጆ የገለበጠም አላስፈለገም።

ከድንበሩ በላይ የረቀቀው ግን የመራጮች መዝገብ ነበር። በአካባቢ ምርጫ ድምፅ የሚሰጡት የቤት ባለቤት ወይም ዋና ተከራይ የሆኑና የትዳር ጓደኞቻቸው ነበሩ። ከወላጆቹ ጋር የሚኖር ጎልማሳም ሆነ በደባልነት የተጠጋ ሰው ድምፅ አልነበረውም፤ ለድርጅቶች ግን እስከ ስድስት ድምፅ ይፈቀድ ነበር። በዚህ ሕግ ቤት መስጠት ድምፅ መስጠት ሆነ። ስለዚህ ምክር ቤቱ ካቶሊኮችን ከደቡብ ክልል አውጥቶ ማስፈር አልፈለገም፤ ቤተሰቦች በአንድ ጣሪያ ሥር ተጨናንቀው ኖሩ። የተሳትፎ መቶኛ የሚሰላው ከተመዘገቡት ነውና፣ እነዚህ ከመዝገብ የቀሩ ሰዎች በየትኛውም የምርጫ አኃዝ ላይ አይታዩም።

ጥቅምት 5 ቀን 1968 የመኖሪያ ቤትና የመምረጥ መብት የጠየቀ ሰልፍ በዴሪ ጎዳና በፖሊስ ዱላ ተበተነ። ምስሉ በቴሌቪዥን ዓለምን አዳረሰ። መንግሥት በወሩ ማሻሻያ አወጀ፤ ምክር ቤቱም ተሽሮ ከተማዪቱ በኮሚሽን እንድትተዳደር ተወሰነ። ነገር ግን ዘግይቶ ነበር፤ በድምፅ ማሸነፍ እንደማይቻል ለግማሽ ምዕተ ዓመት የተማረ ሕዝብ መሀል ጠመንጃ ያነሡ ተነሡ። እስከ 1998 የሰላም ስምምነት ድረስ በመላው ግጭት 3,500 ያህል ሰዎች አለቁ።

በ1973 ተመጣጣኝ ውክልና ሲመለስ ብሔርተኞች ምክር ቤቱን ያዙ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብለው በሩን መዝጋት ይችሉ ነበር። እነርሱ ግን በማግሥቱ ዓመት የከንቲባነቱን ወንበር ለአንድነት ደጋፊዎች ለቀቁ።

ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 54 የደነገገው በየምርጫ ክልሉ አብላጫ ድምፅ ያገኘው እንዲያሸንፍ ነው። በ1997 ዓ.ም. ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ ወንበሮች በሙሉ ወሰደ፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ኢሕአዴግና አጋሮቹ የተወካዮች ምክር ቤትን ጠቅልለው ያዙ። ለሁለቱም ውጤት ሌሎች ምክንያቶች ነበሩት፤ ሆኖም በሁለቱም ጊዜ ለተሸናፊው የተሰጠው ድምፅ ወንበር አልባ ቀርቷል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ምርጫ የሰልፉ ርዝመት ሲነገረን፣ ድንበሩን ማን አሰመረው? ከመዝገቡ ማን ቀረ? የተሸነፈውስ ድምፅ የት ገባ? ብለን እንጠይቅ። የዴሪ ሰዎች እነዚህን ጥያቄዎች በሰላም ጠይቀው መልስ ሳያገኙ የቆዩበት ዘመን ያስከፈለውን ዋጋ አይተናል።