መንታ ምሽት፦ «ባክ ቱ ባክ»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

የአሜሪካን የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ኤንቢኤን፣ የሚከታተል ሰው «ባክ ቱ ባክ» የሚለውን አነጋገር ደጋግሞ ይሰማል። አንድ ቡድን ዛሬ ማታ ተጫውቶ ነገ ማታም ሜዳ ሲገባ፣ ሁለቱ ጨዋታዎች በአንድነት በዚህ ስም ይጠራሉ። በአማርኛ «መንታ ምሽት» እንድንለው ሐሳብ አቀርባለሁ። ቃሉን ለምን እንደመረጥሁት ለማስረዳት ግን በሁለቱ ጨዋታዎች መካከል ካለችው ሌሊት መጀመር አለብኝ።

የፖርትላንድ ቡድን በሜዳው ከምሽቱ 1 ሰዓት ይጫወታል፤ በማግስቱ በዚያው ሰዓት ዴንቨር ላይ ይጠበቃል እንበል። የመጀመሪያው ጨዋታ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ያልቃል። ተጫዋቾቹ ይታጠባሉ፣ ያበጠ ቁርጭምጭሚታቸው በበረዶ ይያዛል፣ ለጋዜጠኞች መልስ ይሰጣሉ፣ ከዚያም በአውቶቡስ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ይሄዳሉ። ቡድኑ የተከራየው አውሮፕላን 5 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥቶ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢበር፣ የዴንቨር ሰዓት በአንድ ሰዓት ስለሚቀድም የሚያርፈው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ተጫዋቹ ሆቴል ደርሶ ጎኑን የሚያሳርፈው ሊነጋጋ ሲል ነው። ማታ ደግሞ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ከፍ ባለችው ከተማ፣ ቤቱ ተኝቶ ያደረ ተጋጣሚ ይጠብቀዋል።

ይህ የሚሆነው ቀኑ ስለማይበቃ ነው። 30ዎቹ ቡድኖች እያንዳንዳቸው 41 ጊዜ በሜዳቸው፣ 41 ጊዜ ከሜዳቸው ውጭ ይጫወታሉ። ስድስት ወር በማይሞላ ጊዜ ውስጥ 1,230 ጨዋታዎች ቦታና ቀን ሊገኝላቸው ይገባል። አዳራሾቹ ደግሞ የቅርጫት ኳስ ብቻ አይደሉም። የኒውዮርኩን ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን የቅርጫት ኳስ ቡድኑ ኒክስ ከበረዶ ሆኪ ቡድኑ ሬንጀርስና ከሙዚቃ ድግሶች ጋር ይጋራዋል። የሳን አንቶኒዮው ስፐርስ በየዓመቱ በፌብሩዋሪ አዳራሹን ለከብት ትርዒትና ለሮዲዮ ለቆ ረጅም ጉዞ ይወጣል። አንዳንዴም መንታው የሚመጣው ጉዞ ለመቆጠብ ነው፤ ከምዕራብ ዳርቻ ኒውዮርክ ድረስ የሄደ ቡድን በማግስቱ እዚያው ብሩክሊን ቢጫወት ሌላ ረጅም በረራ ይቀርለታል። መርሐ ግብር አውጪው ዕረፍትንና ርቀትን በየጊዜው ማመዛዘን አለበት።

ድካሙ አደባባይ የወጣበት አንድ ምሽት አለ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2012 የስፐርስ አሠልጣኝ ግሬግ ፖፖቪች ቲም ደንካንን፣ ቶኒ ፓርከርን፣ ማኑ ጂኖቢሊንና ዳኒ ግሪንን ከማያሚው ጨዋታ በፊት ወደ ቤታቸው ላካቸው። ጨዋታው በአምስት ቀን ውስጥ አራተኛቸው ነበር። ሊጉ ክለቡን 250,000 ዶላር ቀጣው፤ ተመልካቹ ኮከቦቹን ለማየት ከፍሏልና። የተጫዋቾቹም ድካም ግን እውነት ነበር። ሊጉ እያደር ቀንበሩን አቀለለ። በ2014-15 የውድድር ዘመን አንድ ቡድን በአማካይ 19.3 መንታ ምሽት ነበረበት፤ በ2017-18 ውድድሩ ቀደም ብሎ ተጀምሮ ቁጥሩ ወደ 14.4 ወረደ፣ በአምስት ቀን አራት ጨዋታ መጫወትም ቀረ።

አሁን ወደ ቃሉ። በቀጥታ «ጀርባ ለጀርባ» ብንለው ያሳስታል፤ በእኛ ዘንድ ጀርባ የሚሰጣጡ የተኳረፉ ናቸው። «ተከታታይ ጨዋታ» ሰፊ ነው፤ በሦስት ቀን ልዩነት የተደረጉ ጨዋታዎችም ተከታታይ ይባላሉ። ከእግር ኳስ የምናውቀው «የጨዋታ መደራረብ» ደግሞ የወሩን ጥበት እንጂ የአንዷን ሌሊት አይነግረንም። መንታ ግን ያለ ፋታ ተከታትለው የሚወለዱ ሁለት ናቸው፤ እናት ከመጀመሪያው ሳታርፍ ሁለተኛውን ታምጣለች። ቃሉ ቁጥሩንም ምጡንም ይዟል። «መንታ መንገድ» ከሚለው ጋር እንዳይምታታ ደግሞ «ምሽት» አብሮት ይሂድ።

መንታ ካልን ታላቅና ታናሽ አለ፤ ስለዚህ ሁለተኛውን ጨዋታ «የመንታው ታናሽ» ልንለው እንችላለን። አጠቃቀሙ እንዲህ ነው፦

«ሌከርስ በዚህ ወር ሦስት መንታ ምሽት አለበት።»

«አሠልጣኙ ጉልበቱን የታመመውን ተጫዋች በመንታው ታናሽ አያሰልፈውም።»

«በ20 ነጥብ መሸነፋቸውን አትዩ፤ የመንታው ታናሽ ነበር፣ ሲነጋ ነው የደረሱት።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ቃሉን የምፈልግበት ዋናው ምክንያት ነው። የውጤት ሰሌዳው ነጥብ እንጂ እንቅልፍ አይቆጥርም። ተጫዋቹ ሳይተኛ ያደረባት ሌሊት በቋንቋችን ስም ካላት፣ ስለ ድሉና ሽንፈቱ ስናወራ እሷንም አብረን እንቆጥራታለን።