የእንፋሎት ባቡር ከሸዋ ደጋ እስከ ጅቡቲ ባሕር ዳር

ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ወደብ የተዘረጋው አሮጌው የምድር ባቡር መሥመር 784 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። ተጓዡ ከለገሃር ተነሥቶ፣ ከደጋው ወደ ስምጥ ሸለቆ ወርዶ፣ የአዋሽን ወንዝ በድልድይ ተሻግሮና በረሃውን አቋርጦ ከባሕሩ ዳር ይደርስ ነበር። የዚህ መሥመር ታሪክ ሐዲድ በአቅራቢያው ለሚያልፍበት ሕዝብ ሁሉ ጠቃሚ ትምህርት ይዟል።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ሐዲዱን እንዲያሠራ የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ነው። ግንባታው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። የመጀመሪያው ዕቅድ ሐዲዱን እስከ ሐረር ማድረስ ቢሆንም፣ ተራራውን መውጣት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ በመሆኑ መሥመሩ በግርጌው እንዲያልፍ ተወሰነ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ በደረሰበት ሜዳ ላይ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ከዚያ በኋላ የገንዘብ ችግር ሥራውን ለዓመታት አዘገየው፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነበር።

የእንፋሎት ባቡር አሠራር ከማጀት የራቀ አይደለም። በእሳት ላይ የተጣደ ድስት ሲፈላ ክዳኑን የሚያነሣው እንፋሎት ነው። ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መጠኑ ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል። ባቡሩ ይህን ኃይል በወፍራም የብረት በርሜል ውስጥ አምቆ ፒስተን ይገፋበታል፤ ፒስተኑም መንኰራኵሩን ያዞራል። ስለዚህ ባቡሩ ማገዶ ብቻ ሳይሆን ብዙ ውኃም ይሻል፤ ውኃ ለመቅዳትም በየጣቢያው መቆም ነበረበት። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት የሚጓዘው ቀን ቀን ብቻ ስለነበር መንገዱ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። ተሳፋሪው በአዋሽና በድሬዳዋ ያድር ነበር።

እነዚህ ማቆሚያዎች ኑሮን ፈጠሩ። ባቡሩ በቆመ ቁጥር ወተት፣ ፍራፍሬና ምግብ የሚሸጥ ይሰበሰባል፤ የሚያሳድር ቤት ይከፈታል፤ የሚጠግን ሠራተኛ ይቀጠራል። ድሬዳዋ በባቡር መጠገኛዋና በንግዷ አደገች። በተራራው ላይ የነበረችው ጥንታዊቷ ሐረር ግን ከንግዷ ብዙውን ለታናሿ ለቀቀች።

በ1940ዎቹ ዓ.ም. የናፍጣ ባቡሮች የእንፋሎቶቹን ቦታ መያዝ ጀመሩ። ከብዙ ዓመታት በኋላም አሮጌው መሥመር እያረጀ ሄዶ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡር ቆመ። በጉዞው ይተዳደሩ የነበሩ ትናንሽ የጣቢያ ከተሞች ገበያቸው ቀዘቀዘ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ፍጥነትን ቢያመጣም፣ የድሬዳዋ አዲሱ ጣቢያ እንኳ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ነው የተሠራው።

ይህ ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐቤቴ ሰው ሩቅ ወሬ አይደለም። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ወልዲያ አቅጣጫ የሚወስደው የባቡር መሥመር ግንባታ በ2007 ዓ.ም. ተጀምሯል፤ መሥመሩም ከእኛ ደጋ በስተምሥራቅ ባለው ቆላ የሚያልፍ ነው። እኛም እንደ ሐረር ከላይ፣ ሐዲዱም እንደ ድሬዳዋ ከታች ማለት ነው።

የመንዝ በግ፣ ከጠጉሩ የሚሠራው ባናና የደጋው ገብስ ገበያ የሚሹ ምርቶች ናቸው። ባቡር ወደ ወደብ ቢያደርሳቸው ትርፉ ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ ገበሬውን የሚጠቅመው ከገደሉ አፋፍ ላይ ሆኖ የባቡሩን ጥሩንባ መስማቱ አይደለም። ከደጋው ወደ ጣቢያው የሚያወርድ በክረምትም የማይቋረጥ መንገድ፣ በጣቢያው አጠገብ የከብት ማቆያና ውኃ፣ የእህል መጋዘንም ያስፈልጋሉ። እነዚህን ጉዳዮች በየቀበሌው ስብሰባ ማንሣት የሚገባው ዛሬ ነው፤ ጣቢያ አንዴ ከተተከለ በኋላ ቦታውን መለወጥ ከባድ ነውና።