የግራፊክስ ካርዱ ባለቤት ማን ነው?

የግራፊክስ ካርድን ከአስተናጋጁ ኮምፒውተር ነጥሎ በውስጡ ለሚሠራ ቨርቹዋል ማሽን ማስረከብ የቅርብ ጊዜ ብልሃት ይመስላል። እኔ ግን ታሪኩን ከአይቢኤም ሲፒ-67 እጀምራለሁ። በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በዚያ ሥርዓት ቨርቹዋል ማሽኑ የሚያውቀው የማህደረ ትውስታ አድራሻ እውነተኛው አልነበረም፤ የግብዓትና የውጤት መሣሪያዎቹ ደግሞ ከእውነተኛው በቀር ሌላ አያውቁም። ስለዚህ የቁጥጥር ፕሮግራሙ በየትእዛዙ ያለውን አድራሻ እየተረጎመ ማሳለፍ ነበረበት።

የግራፊክስ ካርድም ፕሮሰሰሩን ሳያስፈቅድ ማህደረ ትውስታን በቀጥታ ያነባል፣ ይጽፋል። ጠባቂ ከሌለው እንደ ልቅ ከብት የጎረቤትን አዝመራ ያወድማል። አጥሩ አይኦኤምኤምዩ የተባለው አድራሻ ተርጓሚ ሃርድዌር ነው። በ2012 ቪኤፍአይኦ ወደ ሊኑክስ ከርነል ሲገባ ይህ አጥር ለተራው ተጠቃሚም አገልጋይ ሆነ።

ይበልጥ የሚያስገርመኝ ከዚያ ወዲያ የሆነው ነው። ሃርድዌሩ ፈቀደ፤ ከርነሉም ፈቀደ። የኤንቪዲያ ጂፎርስ ድራይቨር ግን በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ መሆኑን ሲያውቅ በዊንዶውስ ላይ «ኮድ 43» አስነሥቶ ይቆም ነበር። በእኔ ግምት የቴክኒኩ ታሪክ እዚህ ላይ የባለቤትነት ታሪክ ሆኗል። ተጠቃሚዎች የቨርቹዋል ማሽኑን ማንነት ከድራይቨሩ መደበቅ ተማሩ። ኩባንያው ድጋፉን፣ ያውም በሙከራ ደረጃ፣ ያስታወቀው በ2021 ነው።